ውሃውን በግርጌው የሚቋጥረው የቤት ውስጥ ዘንባባ

በመስኮቴ አጠገብ የተቀመጠውን ተክል የሚያዩ ሰዎች ሁሉ ዘንባባ ይሉታል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ በዚሁ ስም ስጠራው ኖሬአለሁ። ከግንዱ አናት ፈልቀው በዙሪያው የሚንዠረገጉት ረጃጅምና ቀጫጭን ቅጠሎቹ ሲታዩ ሌላ ስም ለማውጣት ያስቸግራል። ፖኒቴይል ፓልም የሚለው የገበያ ስሙም የፈረስ ጭራ ከሚመስሉት ከእነዚሁ ቅጠሎች የመጣ ነው። በሥነ ዕፅዋት ምደባ ግን ይህ ተክል ከእውነተኞቹ ዘንባባዎች ወገን አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙ ቦካርኔያ ሬከርቫታ ሲሆን የሚመደበው በአስፓራገስ ቤተሰብ ውስጥ ስለሆነ፣ ከቴምር ይልቅ የሚዛመደው ከቃጫ ጋር ነው።

ይህን ዝምድና አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያው ተክሌ አይሞትም ነበር። እንደ ሌሎቹ የቤት ውስጥ ዘንባባዎች አፈሩ ርጥበት እንዳይለየው በማሰብ በየሦስትና በየአራት ቀኑ አጠጣው ነበር፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ሲጀምሩም ውሃ የጠማው መስሎኝ መጠኑን ጨመርኩ። አንድ ቀን ማሰሮውን ወደ ብርሃን ላዞር ግርጌውን ስይዘው አውራ ጣቴ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ከላይ ደኅና የሚመስለው ቅርፊት ከሥሩ እንደ በሰበሰ ድንች ላሽቆ ነበር፤ ከአፈሩ ሳወጣው ደግሞ ሥሮቹ ጠቁረው በእጄ ላይ ተበጣጠሱ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ኀዘን እስካሁን አልወጣልኝም፤ ምክንያቱም ተክሉን የጎዳው ቸልተኝነት ሳይሆን ከልክ ያለፈ እንክብካቤ ነበር።

የተክሉ የትውልድ ስፍራ ምሥራቅ ሜክሲኮ ሲሆን፣ በቬራክሩዝ፣ በታማውሊፓስና በሳን ሉዊስ ፖቶሲ ግዛቶች፣ ዝናብ ለወራት በሚጠፋባቸው ደረቅ ደኖች ውስጥ ይበቅላል። ዝናብ ሲገኝ የሳበውን ውሃ በዚያ ባበጠው ግርጌው አጠራቅሞ በድርቁ ወራት ቀስ በቀስ ይጠቀምበታል። የዝሆን እግር የሚል ስም ያሰጠው ስንጥቅጥቅ ያለው ቅርፊትም የዚህ የውሃ ጎተራ መሸፈኛ ነው። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ሥሮቹ ዘወትር በርጥብ አፈር ውስጥ ከቆዩ አየር ያጣሉ፤ መበስበስም ይጀምራሉ።

ስለዚህ አሁን ከማጠጣቴ በፊት ሁለት ነገሮችን እመረምራለሁ። በመጀመሪያ አንድ ቀጭን እንጨት እስከ ማሰሮው ታች ድረስ ሰክቼ ጥቂት አቆይና አወጣዋለሁ፤ አፈር ተጣብቆበት ወይም ቀዝቅዞ ከወጣ አላጠጣም። ቀጥሎ ግርጌውን በአውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ፤ እንደ እንጨት ጠንክሮ ከተገኘ በቂ ውሃ አለው ማለት ነው፤ በደረቅ አፈር ላይ ሆኖ ሸብሸብ ማለት ከጀመረ ግን ጠምቶታል። ሳጠጣ በጥቂቱ አላርከፈክፍም፤ ውሃው በማሰሮው የታች ቀዳዳ እስኪወርድ ድረስ አጠጥቼ በሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን እደፋለሁ። በሞቃትና ብርሃናማ ወራት ይህ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይደርሳል፤ በቀዝቃዛው ወቅት ግን ወር አልፎም ላይፈልግ ይችላል። ቀን ቆጥሮ ማጠጣትን አልመክርም፤ የክፍሉ ሙቀት፣ የማሰሮው ስፋትና የብርሃኑ መጠን ሁሉ ቆጠራውን ያዛቡታል።

አፈሩ ውሃ የማያቁር መሆን ስላለበት ለቁልቋል የሚዘጋጅ አፈር ወይም ሸካራ አሸዋ በብዛት የተቀላቀለበት አፈር ይስማማዋል። ማሰሮው ከግርጌው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ፣ ቢቻል ከሸክላ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰፊ ማሰሮ ሥሩ የማይደርስበትን ብዙ ርጥብ አፈር ይይዛልና። ሲተከል ያበጠው ግርጌ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት እንጂ መቀበር የለበትም። ብርሃን በጣም ይወዳል፤ በጨለማ ጥግ ቢቀመጥ ወዲያው ባይሞትም እድገቱ ይገታል። ከቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ወደ ቀጥተኛ ፀሐይ ማውጣት ግን ቅጠሎቹን ያቃጥላል፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜም እንዳያገኘው መጠንቀቅ ይገባል። በቅጠሎቹ እቅፍ ውስጥ ነጭ ጥጥ የመሰሉ ተባዮች ከታዩ አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ድመትና ውሻ ያላቸው ሰዎች ቅጠሉ መርዛማ አለመሆኑን ሲያውቁ ደስ ይላቸዋል፤ ይሁን እንጂ የቅጠሉ ጠርዝ እጅግ ደቃቅ ጥርሶች ስላሉት ሲያጸዱት ከግንዱ ወደ ጫፉ ብቻ መጥረግ ጣትን ከመቆረጥ ያድናል። ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ደግሞ ከዘር የበቀለ መሆኑን እንዲጠይቅ አደራ እላለሁ። ከዱር እየተነቀለ በመሸጡ ምክንያት የቦካርኔያ ዝርያዎች ከ2017 ጀምሮ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል።

ሁለተኛው ተክሌ ወደ ቤት ሲመጣ ግርጌው ከሎሚ አይበልጥም ነበር፤ አሁን በሁለት እጄ ስይዘው ጣቶቼ አይገናኙም። ዛሬ ጠዋት ጫን ብዬ ስዳስሰው ጠንካራ ነበር፤ እንጨቱም ከታች ቀዝቅዞ ስለወጣ ውሃውን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቼዋለሁ።