ቀይ የተባለው ሰላጣዬ ለምን አረንጓዴ ሆነ?

የዘሩ ፓኬት ላይ ያለው ሰላጣ እንደ ወይን ጠጅ የቀላ ነበር። በመስኮቴ ሥር የበቀለው ግን ከገበያው ሰላጣ በምንም የማይለይ አረንጓዴ ሆነብኝ። ዘሩን የሸጠልኝን ሰው ሳምንት ሙሉ በልቤ ስወቅስ ሰነበትኩ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ችግኞቹ አራት አራት ቅጠል ሲያወጡ ግማሾቹን ወደ በረንዳ አወጣኋቸው፤ ያውም ሳላለማምድ፣ በአንድ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ። በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ዳር ነጥቶ እንደ ወረቀት ደረቀ፤ ሁለቱ ጭራሹን ሞቱ። የተረፉት ከመሃላቸው ያወጡት አዲስ ቅጠል ግን ከጫፉ ጀምሮ ቀላ። ሻጩን፣ ያው በልቤ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ቢያሳልፍም ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን፣ አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን ለዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ውጭ ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ አዲስ አበባ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ችግኞቼን ከጥላ ቤት አውጥቼ ለደጋ ፀሐይ ሰጥቻቸው ኖሯል። ሙቀቱና የአፈሩ መድረቅም የየድርሻቸውን ሳያዋጡ አልቀሩም።

ቅጠሉ ጨረሩን የሚያውቅበት መንገድ ደግሞ ያስገርማል። ዩቪአር8 የሚባል ፕሮቲን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቀመጣል። ጨረሩ በውስጡ ያሉትን ትሪፕቶፋን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ሲያገኛቸው ጥንዱ ይለያያል፤ የተለያየው ፕሮቲንም የመከላከያ ቀለም የሚሠሩት ጂኖች እንዲነሡ ያደርጋል። ይህ አሠራር አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ላይ የተገለጠው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ለብዙ ዘመን የታወቀ ነገር መስሎኝ ነበር።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ጃንጥላው ቀዩ ቀለም ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ቀዩ፣ ማለትም አንቶሲያኒን፣ በዋናነት የሚውጠው ግን አረንጓዴውን ብርሃን ነው። አልትራቫዮሌቱን በብዛት የሚይዙት እንደ ኩዌርሴቲንና ኬምፕፌሮል ያሉት፣ ፍላቮኖይዶች የሚባሉት የዕፅዋት ውህዶችና ዘመዶቻቸው ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለዓይናችን ቀለም የላቸውም ማለት ይቻላል። በቅጠሉ የላይኛው ቆዳ ሴሎች ውስጥ ተጠራቅመው ጨረሩን ያስቀራሉ፤ ለምግብ ዝግጅት የሚያስፈልገውን ብርሃን ግን ያሳልፉታል። የጎረቤቴ ተራ አረንጓዴ ሰላጣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ የማይቃጠለው ለካ ለዚህ ነው።

የማይታየውን ቀለም ለማየት ወጥ ቤት ገባሁ። የአበባ ጎመን ቁራጭ ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ውሃ ሳፈላ ነጩ ወደ ቢጫ ዞረ፤ ፍላቮኖይዶች እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ቢጫ ይሆናሉ። ቀይ ሽንኩርት ዘፍዝፌ ያንኑ ሶዳ ብጨምርበት ውሃው አረንጓዴ ሆነ። አንቶሲያኒኑ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ተደብቆ የነበረው ቢጫ ተቀላቅሎበት ነው። ሎሚ ስጨምቅበት ወደ ሮዝ ተመለሰ። ልጆች ያሏችሁ ይህን ሳታሳዩአቸው አትለፉ።

አንድ ነገር ግን ሙከራዬን አበላሽቶብኛል፤ የታኅሣሥ ሌሊት። ብርድም ብቻውን ቅጠል ያቀላል። በረንዳ ላይ ያደሩት የቀሉት በጨረሩ ይሁን በውርጩ ለመለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ከጥር ወዲህ ሁሉንም ማሰሮዎች ማታ ማታ አንድ ክፍል አሳድራለሁ፤ ጠዋት ግማሹን ወደ በረንዳ፣ ግማሹን ወደ መስታወቱ ሥር። ሁለተኛ ሳምንት ይዣለሁ። የበረንዳዎቹ ቅጠል አነስና ወፈር ብሎ ቀልቷል፤ የመስኮቶቹ ጫፋቸው ላይ ብቻ ትንሽ ሮዝ ይታያል።

ቀጥሎ የምፈልገው አልትራቫዮሌት የሚያስቀር የግሪንሃውስ ፕላስቲክ ነው፤ በረንዳ ላይ እንዳሉ ልሸፍንበት። ሁለት ክንድ የሚሆን ቁራጭ የተረፈው ካለ በሰላጣ እለውጠዋለሁ።