መብራት ሲመጣ ብቻውን የማይነሳ መጋዝ

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ለወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚሆን ኤምዲኤፍ (የእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) በጠረጴዛ መጋዝ እየሰነጠቅን ሳለ፣ ዲስኩ የሰሌዳው ወገብ ላይ እንደ ደረሰ መብራት ጠፋ። መጋዙ እያጓራ ቀስ ብሎ ቆመ፤ እኔም እንደ ልማዴ ልብሴን አራግፌ ከጎረቤት ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ማብሪያውን አላጠፋሁትም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተለማማጃችን ዲስኩ ላይ ተቀርቅሮ የቀረውን ሰሌዳ ሊያላቅቅ በሁለት እጁ ይዞ ሲነቀንቅ መብራት መጣ፤ መጋዙም አብሮ ተነሳ። ሰሌዳውን ከእጁ መንጭቆ ወረወረው። ልጁ በጎን በኩል ቆሞ ስለ ነበር አልነካውም፤ ሰሌዳው ግን አልፎት ሄዶ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንዲደርቅ ግድግዳ ላይ ያስደገፍነውን የበር መቃን ሰነጠቀው። ሮጬ ስገባ ልጁ እጆቹን ወደ ላይ እንዳነሳ «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም አልነካውም።

ጥፋቱ በመጀመሪያ የእኔ ነው፣ ማብሪያውን ሳላጠፋ መውጣት አልነበረብኝም። ነገር ግን መብራት በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት ከተማ የሰውን ጣት በሰው ማስታወስ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ትክክል አይመስለኝም። የእኔ መጋዝ ማብሪያ እንደ ቤት መብራት ማብሪያ ነው፤ በተጫኑት በኩል ተጋድሞ ይቀራል፣ ኤሌክትሪኩ ቢሄድም ቢመጣም ግድ የለውም። በአውሮፓ በሚሸጡ የጠረጴዛ መጋዞች ላይ የተለመደው ማብሪያ ግን ውስጡ ትንሽ ማግኔት ያለው ሲሆን፣ ማግኔቱ ማብሪያውን ይዞ የሚቆየው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ማግኔቱ ይለቅቃል፣ ማብሪያውም ይጠፋል፤ መብራት ሲመለስ ሰው መጥቶ እንደገና ካልተጫነው በቀር ማሽኑ አይነሳም። የረቀቀ ቴክኖሎጂ አይደለም። ሆኖም መብራት በዓመት አንዴ በሚጠፋበት አገር የሚሸጠው መጋዝ ይህ ሲኖረው፣ በየቀኑ በሚጠፋበት አገር የሚሸጠው ርካሽ መጋዝ የለውም፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች ደግሞ ይብሳሉ። ማብሪያው ወደ ፊት ተገፍቶ የሚቆለፍ ግራይንደር ወይም ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ራውተር (የእንጨት ጠርዝ መቅረጫ ማሽን) መብራት ሲመለስ እንደ ደነገጠ ድመት ዘሎ ይነሳል፤ ገመዱን እየጎተተ ከጠረጴዛ ወርዶ ወለሉ ላይ ሲሽከረከር አይቻለሁ። ውድ በሆኑት ሞዴሎች ላይ ይህን የሚከላከል ኤሌክትሮኒክስ አለ። ከመሣሪያ አምራቾች የምመኘው የመጀመሪያው ነገር እንግዲህ እርሱ በርካሹም ላይ እንዲገባ ነው፤ ለዚህ ብዬ ከስልክ ጋር የሚነጋገረውን ትራፓኖም ሆነ በጨለማ የሚያበራውን መለኪያ ልተውላቸው ዝግጁ ነኝ።

መብራት ሳይጠፋም ችግር አለ። ወርክሾፓችን አጠገብ ብረት በያጅ አለ፣ ከማዶ ደግሞ ወፍጮ ቤት አለ፤ ሁለቱ አብረው ሲነሱ 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 180 ይወርዳል። የመጋዝ ሞተር ጉልበት የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለ ሆነ፣ ቮልቴጁ 18 በመቶ ያህል ሲወርድ ጉልበቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ መካከል ላይ ይህ ሲደርስ ዲስኩ ይታነቃል፣ ሞተሩም ቆሞ እያቃሰተ ይግላል፤ በዚህ ምክንያት አንድ ሞተር አስጠቅልያለሁ። ለማቀዝቀዣ የሚሸጠው ስታቢላይዘር አይረዳም፣ ሞተሩ ሲነሳ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ አንዴ ጮኾ ይዘጋል። የምፈልገው ከማብሪያው አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ቀይ መብራት ናት፦ ቮልቴጁ ሲወርድ እንድትበራ፣ ከልክ በታች ሲሆንም ሞተሩን አላስነሳም እንድትል።

ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የአጎቴ ልጅ ባለፈው ለገና ሲመጣ አንድ ራውተርና ትንሽ የጠረጴዛ መጋዝ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ፤ ሁለቱም በ120 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ካርቦን (ኤሌክትሪክን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርስ ትንሽ ቁራጭ) ያለው የራውተር ሞተር ቮልቴጁን በትራንስፎርመር እስካወረዱለት ድረስ የእኛ 50 እና የአሜሪካ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ልዩነት አያስጨንቀውም። ካርቦን የሌለው የመጋዝ ሞተር ግን ፍጥነቱ የሚቆረጠው በኸርዙ ስለ ሆነ፣ እዚያ በደቂቃ 3,450 ጊዜ የሚዞረው እዚህ ወደ 2,875 ይወርዳል፣ ከልኩ በላይም ይሞቃል። ይህን ለአጎቴ ልጅ አልነገርኩትም፤ ያን ሁሉ ኪሎ ተሸክሞ መጥቶ እንዴት ይነገረዋል? ለስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት መቀበል ተራ ነገር በሆነበት ዘመን፣ ለትንሽ መጋዝም ሁለቱንም የሚቀበል ሞተር መሥራት የሚያቅት አይመስለኝም።

«ታዲያ በባትሪ የሚሠራ ለምን አትይዝም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መብራት በሌለበት ቀን የምሠራው በእርሱው ነው። ባትሪውን ግን ማን ያመጣዋል? በአውሮፕላን ሕግ ተነጥሎ የሚጓዝ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ቮልቱ በአምፔር-ሰዓቱ ሲባዛ የሚገኘው) ያለ ፈቃድ ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። የ18 ቮልት ባለ 5 አምፔር-ሰዓቱ ባትሪ 90 ስለ ሆነ ያልፋል፤ ባለ 6ቱ 108 ስለ ሆነ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ሰው «ምን ላምጣልህ?» ባለኝ ቁጥር «ባለ 5ቱን፣ ሁለት ብቻ» ነው የምለው።

ባትሪው ከመጣ በኋላ ደግሞ የሚገባበት ትራፓኖ ያ አንድ ስም ያለበት ብቻ ነው። የሁሉም ሆድ ዕቃ አንድ ነው፤ 3.6 ቮልት የሆኑ አምስት ሴሎች ተደርድረው 18 ይሆናሉ፣ አሜሪካ ውስጥ «20 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠውም ያው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ የሚታየው ቁጥር ተጽፎበት ነው። የሚለያቸው የፕላስቲኩ ቅርጽ ነው። ለራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ስገዛ «የየትኛው ኩባንያ ራዲዮ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ባለሱቅ በሕይወቴ የለም። አውሮፓ ውስጥ ሜታቦ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌሎች አምራቾች ጋር አንድ ባትሪ የሚጋሩበትን ኅብረት ጀምሯል፣ ቦሽም የራሱን አቋቁሟል፤ ኅብረቶቹ ግን እርስ በርስ አይግባቡም። ድሮ አንድ ቤት የነበረው አጥር አሁን ሰፈር ዙሪያ ተተከለ እንጂ አልፈረሰም።

ወደ ጣት ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። ስቴፈን ጋስ የተባለ አሜሪካዊ የፓተንት ጠበቃ፣ በትምህርቱ የፊዚክስ ሰው፣ ዲስኩ ሥጋ ሲነካ ራሱን የሚያቆም መጋዝ አስቦ ሠራ፤ ያቋቋመው ሶውስቶፕ የተባለ ኩባንያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ይሸጠዋል። ዲስኩ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያለማቋረጥ ይላክበታል፤ የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሲነካው ምልክቱ ይለወጣል፣ በዚያው ቅጽበት አንድ የአልሙኒየም ቁራጭ ዲስኩ ጥርስ ውስጥ ተተኩሶ በሺዎች በሚከፋፈል ሰከንድ ያቆመዋል። በቋሊማ ሲያሳዩት ቋሊማው ላይ የሚቀረው ጭረት ብቻ ነው። በዚያው በአሜሪካ በጠረጴዛ መጋዝ ተጎድተው የሚታከሙት በዓመት 30,000 ገደማ መሆናቸውን ሳስብ፣ ይህ እስከ ዛሬ የሁሉም መጋዝ አካል አለመሆኑ ይገርመኛል። ቦሽ ዲስኩን ሳያበላሽ ከጠረጴዛው ሥር ዝቅ የሚያደርግ የራሱን መንገድ አውጥቶ ነበር፤ በፓተንት ክስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ወደ አገሪቱ እንዳይገባ አገደው።

የሶውስቶፕ መጋዝ ነገ እጄ ቢገባ ግን ሌላ ጣጣ አለብኝ። ውኃም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ በጣም እርጥብ እንጨት መጋዙን እንደ ጣት ሊያታልለው ይችላል፤ ሲታለልም ፍሬን የሆነው የአልሙኒየም ቁራጭም ዲስኩም አብረው ይጣላሉ። ለእርጥብ እንጨት መከላከያውን ማጥፊያ ቁልፍ አለው፣ ይሁን እንጂ እኛ ዘንድ መከላከያው ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ሊውል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን የሚገባው የአገር እንጨት በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፉም ከተቆረጠ ሳምንት ሳይሞላው መኪና ላይ ተጭኖ ይመጣል። አንዳንዱ ጣውላ ሲሰነጠቅ ዲስኩ ውኃ ይረጫል ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ የምመኘው እርጥብ ባሕር ዛፍን ከተለማማጄ አውራ ጣት የሚለይ መጋዝ ነው። እንጨቱ ዲስኩን ቀስ በቀስ እየገፋ ይነካዋል፣ ጣት ግን ድንገት ነው የሚደርስበት፤ ለእኔ ለአናጢው የታየኝ ይህ ልዩነት ለመሐንዲስ የሚሰወር አይመስለኝም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ የእንጨት እርጥበት መለኪያ። ሁለት መርፌ እንጨቱ ላይ ተክሎ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚቸገር በመለካት በመቶኛ ይነግራል። ነገር ግን ብዙዎቹ የተስተካከሉት በሰሜን አሜሪካው ዳግላስ ፈር ሲሆን፣ አብሮ የሚመጣው ሠንጠረዥ ኦክና ቢች ይዘረዝራል፤ እኔ በገዛሁት ላይ ዋንዛን ፈልጌ አላገኘሁም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጣመምና ጫፉ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ ሰው፣ ልኩን ያለ ግምት ማወቅ የስንት በር ኪሳራ እንደሚያድን ይገባዋል።

ስለ አቧራ ሳልናገር ባልፍ ሳንባዬ ይታዘበኛል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። መሣሪያዎቹ አቧራ ማውጫ አፍ አላቸው፤ አንዱ ግን 27 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 35፣ ሌላው 38፣ ትልልቆቹ 100 ናቸው፤ አንድ የመምጠጫ ቱቦ ለሁለት መሣሪያ አይሆንም። እኛ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠን እንጠቀልልበታለን፤ ይሠራል፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ማለስለሻ ማሽን ላይ የሚለጠፈው ክብ ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ አንዱ አምስት ቀዳዳ፣ አንዱ ስምንት ቀዳዳ ስላለው፣ ቀዳዳው ከማሽኑ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ አቧራው ፊት ላይ ነው። ካርቦንም ያው ነው፦ የጥፍር ያህል ነገር ሆኖ ለእያንዳንዱ ሞዴል ልኩ የተለያየ በመሆኑ፣ ከሌላ ማሽን ያገኘነውን በሞረድ ሞርደን ነው የምናስገባው።

የበሩን መቃን ዋጋ ከከፈልኩ በኋላ የሰፈራችንን ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ የሆነውን ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ይህን እኮ ከማዶ ያሉት የወፍጮ ቤት ሰዎች ድሮ ነው የሚያውቁት፣ ሄደህ ግድግዳቸውን አታይም?» አለኝ። በማግስቱ አንድ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ማብሪያ)፣ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ እንዲሁም አንድ የብረት ሳጥን ይዞ መጣ። አረንጓዴው ሲጫን ኮንታክተሩ መስመሩን ያገናኛል፣ በራሱ በኩል በሚያልፈው ኤሌክትሪክም ራሱን ይዞ ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ስለሌለ ይለቅቃል። ከሳጥኑ ሁለት ሶኬት አወጣልን፤ አንዱ ለመጋዙ፣ አንዱ የግራይንደሩንም የራውተሩንም ስፒና በየተራ እንድንሰካበት።

ሳጥኑ የዳቦ ያህል ነው፣ ሲሠራም እንደ ንብ እዝዝ ይላል፤ ፋብሪካ ቢሠራው የክብሪት ቀፎ አክሎ መጋዙ ሆድ ውስጥ ይገባ ነበር። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ አምፖሉ ሲበራ ሁላችንም ወደ መጋዙ ዞርን። ዝም አለ። ልጁ ሰሌዳውን አላቅቆ አስተካክሎ ካስቀመጠ በኋላ ሄዶ አረንጓዴውን ተጫነ።