ወንድሜን ከጣቢያ ያወጣልን አምላክ ይመስገን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ስለቴ ከሰመረ እመሰክራለሁ ብዬ ነበርና ይኸው።

ታናሽ ወንድሜ እዚህ ጅማ ባጃጅ ይሾፍራል። አንድ ሰው ሁለት ጆንያ ቡና አስጫነው፤ አድርሶለት ሂሳቡን ተቀብሎ ተለያዩ። ለካ ቡናው ከመጋዘን የተሰረቀ ነው። ማታ ራት እየበላን ሁለት ፖሊሶች መጡ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉት። የጎረሰውን ሳይውጥ ይዘውት ወጡ።

ያቺ ሌሊት! ዝናቡ ጉድ ነው። እኔና እማዬ የአዌቱን ድልድይ ተሻግረን ጣቢያው በር ደረስን። ዘበኛው «ነገ ኑ» አለን። እማዬ ንቅንቅ አላለችም። ብርድ ልብሱን በፌስታል ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ አጥሩ ጥግ ተቀመጠች። ከውስጥ የሰው ጩኸት ሰማሁ። የሱ ይሁን የሌላ አለየሁም። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ ስንተኛው ላይ እንደደረስኩ ጠፋብኝ። ከዚያ ተናደድኩ። ምን እደብቃለሁ፣ በእግዚአብሔር ነው የተናደድኩት። «አባታችንን ስትወስድ ዝም አልን። አሁን ደግሞ እሱን? ጴጥሮስን በመልአክ ከወኅኒ ያወጣህ አይደለህም? ለኛ ሲሆን መልአክ አለቀብህ?» ጮክ ብዬ ኖሮ እማዬ አፌን በእጇ ያዘችኝ። ሲበርደኝና ሲያልፍልኝ «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ቅዱስ ገብርኤል፣ ወንድሜን አውጣልኝ፣ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

ሊነጋ ሲል ጎረቤታችን ሐጂ ከሱብሒ ሶላት መልስ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ደረሱ። ሐጂ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ልጅ ጋ የወሰዱንም እሳቸው ናቸው። እኔ ክንፍ ያለው መልአክ ስጠብቅ ፋይል በብብቱ የያዘ ልጅ መጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት አለን። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ዝም የማለትም መብት አለው። ቤተሰብ፣ ጠበቃና የንስሐ አባት ሊጠይቁት እንደሚችሉ አንቀጽ 21 ይላል። «ያላለውን ቃል እንዳይፈርም ንገሩት» ብሎ ሸኘን።

ቁርስ ስናደርስ ፖሊሱ «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አላት እማዬን። ከፍርፍሩ ጎረሰች፣ ሌላም ጨመረች፣ «ልድገምልህ?» ስትለው እሱም ሳቀ። በዚያው ወንድሜን አየነው። «ያላልከውን እንዳትፈርም» አልኩት። አልፈረመም።

48 ሰዓቱ ሳይሞላ ቀረበ። እማዬ ለገበያ እንጂ ለችሎት የሚሆን ኦሮምኛ የላትም፤ ሐጂ በጆሮዋ እያስተረጎሙላት ከነጠላዋ ሥር «ነፍሴን ከወኅኒ አውጣት» ትላለች። ፖሊስ ለምርመራ 14 ቀን ጠየቀ። ልጁ ተነስቶ ያስጫነው ሰው የደወለበት ቁጥር ወንድሜ ስልክ ላይ እንዳለ አስረዳ። ዳኛው የቀረው ምርመራ ምን እንደሆነ ጠየቁና ከተጠየቀው ያነሰ ቀን ሰጡ። ያኔም አኩርፌ ነበር፤ እኔ የፈለግኩት ያኑ ቀን ነበራ! በሚቀጥለው ቀጠሮ ዋስትና ተፈቀደ። ሐጂ የመኪናቸውን ሊብሬ አስያዙ። ለራሴ አጎት የማላደርገውን።

ከዚያ ወራት በመጠበቅ አለፉ። በስልክ ቁጥሩ ያ ሰውዬ ተያዘ፤ ዓቃቤ ሕግም በወንድሜ ላይ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ሊብሬውም ተመለሰ። ጃንጥላውን አስገባን፤ እልልታው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ ልመና አለኝ። ወንድሜ ክፍል ውስጥ ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ የሌለው ልጅ ነበር፤ የእማዬን ፍርፍር አብረው ነበር የሚበሉት። እሱ ገና ቀጠሮ ላይ ነው። በጸሎታችሁ አስቡልኝ፤ ጅማ ያላችሁ ደግሞ ስንቅ ይዘን ስንሄድ አብራችሁን ኑ።