ገዳይና ሟች ጎረቤት የሆኑባት ከተማ

ዛሬ የፊሊፒንሷን ከተማ ሴቡን እግሬ እስኪዝል ዞርኳት። ሙቀቱ አይጣል ነው! ፊሊፒንስ ሲባል ማኒላ ብቻ ትመጣብኝ ነበር። ለካ ስፔኖች መጀመሪያ የከተሙት እዚህ ነው። ማኒላን ዋና ከተማ ያደረጉት በ1571 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ያዙልኝ)።

ከእነሱ በፊትም ባዶ መሬት አልነበረም። ስሟ ሱግቦ ነበር። የስፔን መርከቦችን የመራው ማጄላን በ1521 ሲደርስ ከሲያም (ከዛሬዋ ታይላንድ) የመጣ ነጋዴ ቀድሞት ነበር። ገዢው ሁማቦን ማጄላንን እንደማንኛውም እንግዳ መርከብ «ግብር ክፈል» አለው። እዚህ ጋ ሳቄ መጣ።

በኋላ ሁማቦንና ሚስቱ ተጠመቁ። ለእሷ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ተሰጣት። ማጄላን ግን በሰው ጠብ ገብቶ፣ ማክታን ደሴት ላይ በአለቃው በላፑላፑ ሰዎች እጅ ተገደለ።

44 ዓመት አለፈ። በ1565 የስፔኑ አዛዥ ሌጋስፒ መጥቶ ከተማዋን በመድፍ መታት። ከተቃጠለው ሰፈር ውስጥ አንድ ወታደር ያንን ምስል አገኘው! አሁን ባዚሊካው (ትልቁ ቤተ ክርስቲያን) ውስጥ በመስታወት ተቀምጧል። እኔም ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበሩ እናት መስታወቱን በመሀረብ ጠርገው፣ መሀረቡን ፊታቸው ላይ አሻሹት። በጠበል ላደግን ሰዎች ይሄ ብዙም አይገርምም።

ሦስት ማዕዘኑን የሳን ፔድሮ ምሽግ በሩጫ አየሁት። ከዚያ ማክታን ተሻገርኩ። ላፑላፑም ማጄላንም አንድ ግቢ ውስጥ ሐውልት አላቸው። ፎቶውን ስልኬ ቻርጅ ሲያደርግ እለጥፋለሁ።