ፒንጉ ደህና፣ ጨዋታው እምቢ

ዕለቱ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዓርብ ማታ ነበር። አራት ጓደኞቼ ዶታ 2 ለመጫወት ገብተው አምስተኛቸውን እኔን ይጠብቃሉ፤ እኔ ደግሞ ጨዋታው የሚወርድበትንና የሚከፈትበትን ፕሮግራም፣ ስቲምን፣ በከፈትኩት ቁጥር ጥቂት ሲሽከረከር ይቆይና ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት እንዳልቻለ ይነግረኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ታናሽ እህቴን ነው፤ የእሷ ስልክ ቪዲዮ ማውረድ ሲጀምር የእኔ ጨዋታ እንደሚንቀራፈፍ በቤታችን የታወቀ ነው። የዚያን ዕለት ግን ተኝታ፣ ስልኳም ባትሪ ጨርሶ ስለ ነበር በነጻ አሰናበትኳት።

ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ዋይፋዩን ትቼ በኬብል አገናኘሁ፤ የዲኤንኤሱን ካሽ አጸዳሁ፤ ፋየርዎሉንም ለጊዜው ዘጋሁት። መስመሩ መሥራቱን ለማየት ወደ ጎግል ሰርቨር፣ ወደ 8.8.8.8፣ ፒንግ ሳደርግ (ደርሰው የሚመለሱ ትንንሽ መልእክቶች ስልክ ማለት ነው) ከላክኋቸው 20 ፓኬቶች አንድም ሳይጠፋ ሁሉም ተመለሱ። ግራ የተጋባሁት እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ በሩ ለምን ተዘጋብኝ? ብሮውዘሩ ደግሞ ድረ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር የኮምፒውተሬ ሰዓት ወደ ኋላ እንደ ቀረ ያስጠነቅቀኛል። ወደ ስክሪኑ ጥግ ብመለከት 2:20፣ ከሥሩም 12/03/2018 ይላል። የሳሎኑ የግድግዳ ሰዓትም 2:20 ነው፤ ዕለቱም ኅዳር 12 ነው። ስለዚህ የተሳሳተው ብሮውዘሩ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወደ ኢንተርኔት አቅራቢያችን ደውዬ ረጅም ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ ያነጋገረችኝ ልጅ በመስመሬ ላይ ችግር እንደማይታይ በትሕትና ነገረችኝ። እኔ ግን አሁን ሳስበው በሚያሳፍረኝ ድምፅ የኔትወርክ ትምህርት ሰጠኋት። ከዚያም ዛሬም ድረስ ያልገባኝን ውሳኔ ወሰንኩ፤ እንደ ገና እጭነዋለሁ ብዬ ጨዋታውን አጠፋሁት። ስቲም እምቢ ካለ ጨዋታውን ከየት እንደማወርደው ትዝ ያለኝ ካጠፋሁት በኋላ ነው።

በመጨረሻ ዱባይ ለሚኖረው ጓደኛዬ የስክሪኔን ፎቶ ላክሁለት። እዚያ ብዙ ዓመት ስለ ቆየ የእኛን የቀን አቆጣጠር ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ካልሆነ አያስታውሰውም። ፎቶውን አይቶ፣ «አንተ፣ እኛ 2025 ላይ ነን፤ ማርች 2018 ላይ ቁጭ ብለህ ነው እንዴ የምትጠብቀን?» አለኝ።

ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ሰርቨሮች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ዲጂታል ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ገደብ አለው፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ የቀረው ኮምፒውተሬ ደግሞ ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ይዞ የመጣ አጭበርባሪ እያየ በሩን ይዘጋበታል። ፒንግ መታወቂያ ስለማይጠይቅ ያለ ችግር ደርሶ ይመለሳል።

ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሼ ማውረድ ጀመርኩ፤ ጨዋታው ወርዶ እስኪያልቅ ሌሊቱ ነጋ፣ ጓደኞቼም ሌላ አምስተኛ ሰው ፈለጉ።

ጠዋት አባቴን ጠየቅኋቸው። የእድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ከሚካኤል ንግሥ ሲመለሱ የስብሰባ መጥሪያ ለመጻፍ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀኑን ራሱ እንዲያስገባ ሲያዙት 21/11/2025 ብሎ ስለ ጻፈባቸው ቀኑንም ሰዓቱንም «አቃኑት»። ኅዳር ሦስተኛ ወር ስለሆነ ከዝርዝሩ ሦስተኛውን መረጡ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ላስረዳቸው ስሞክር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታዲያ የተቀመጠው የት አገር ነው?» አሉኝ።

መጥሪያውን አሳዩኝ። ማኅተሙ አርፎበት፣ ቀኑ ከላይ በቀኝ በኩል 12/03/2018 ዓ.ም. ይላል፤ አንድ ስሕተት የለበትም።