የሲዲ4 ቁጥር የማያሳየው ጉዳት

ጅማ ላይ ለልምምድ ኤአርቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክሊኒክ የምትገቡ የነርሲንግ ተማሪዎች፣ ካርድ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትፈልጉት የሲዲ4 ቁጥር፣ ማለትም ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሕዋሳት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያላቸው ብዛት ነው። ቁጥሩ የሚለካው ግን ደም ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። አብዛኞቹ የመከላከያ ሕዋሳት ያሉት በሊምፍ ዕጢዎችና በአንጀት ግድግዳ ነው፤ ከባዱ ጥፋትም የሚደርሰው እዚያው፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ቫይረሱ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን የሲዲ4 ተቀባይ ይዞ፣ ብዙውን ጊዜ ሲሲአር5 በተባለ ሌላ ተቀባይ በኩል ወደ ሕዋሱ ይገባል። የአንጀት ሕዋሳት ሲሲአር5 ስለሚበዛባቸው ቀድመው ያልቃሉ። ግድግዳው ሲሳሳ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይሾልካል፣ የመከላከያ ሥርዓቱም ያለ ዕረፍት ይቆጣል። በዚህ ቁጣ ቫይረሱ ያልያዛቸው ሕዋሳትም ይሞታሉ። ተማሪዎች አዘውትረው የሚዘሉት ይህን ነው፤ ሳይገባችሁ አትለፉት።

ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ ሊታይ ይችላል። ወባ ባለበት አካባቢ ይህ ትኩሳት በቀላሉ ይታለፋል። ቫይረሱ ደም ውስጥ እጅግ የሚበዛው ያን ጊዜ ቢሆንም የፀረ አካል ምርመራው ኔጋቲቭ ሊል ይችላል፤ በቅርብ የተጋለጠ ሰው ድጋሚ ይመርመር።

ከዚያ ዝምታ ነው። ያለ መድኃኒት በአማካይ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይዘልቃል። በወጣት ላይ አልማዝ ባለጭራ፣ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ወይም ከ10 በመቶ በላይ የክብደት መቀነስ ካያችሁ ምርመራ ይታዘዝ በሉ። ቲቢ ቁጥር አይጠብቅም፤ ሲዲ4 ከ500 በላይ እያለም ይመጣል። ከ200 በታች ኒሞሲስቲስ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው የሳንባ ምች ስለሚያሰጋ አዋቂ ሰው ለመከላከያ በቀን 960 ሚሊግራም ኮትሪሞክሳዞል ይወስዳል። ከ100 በታች ደግሞ አንጎልን የሚያጠቃው ጥገኛ ተሕዋስ ቶክሶፕላዝማና ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ይመጣሉ።

ስለዚህ ሲዲ4 ያነሰበት ሰው ኤአርቲ ሳይጀምር «ራስዎን ያምዎታል? ያስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ተደብቆ ሳለ መድኃኒቱ ከተጀመረ፣ ያገገመው መከላከያ በአንጎል ሽፋን ላይ ይቆጣና ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ይህ ማጅራት ገትር ለተገኘበት ሰው ኤአርቲ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚዘገየው። የቲቢ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ደግሞ ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤአርቲ ኪኒን 50 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ያስፈልገዋል፤ ሪፋምፒሲን የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ ያወርደዋልና። ሁለተኛዋ ኪኒን መታዘዟን አረጋግጡ።

ቫይረሱ በተኙ ሕዋሳት ውስጥ ስለሚሸሸግ መድኃኒት ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ለቡና ለቀማ በጅማ ዞን ወዳሉት ጎማ ወይም ሊሙ የሚሄድ ሰው መቼ እንደሚመለስ ጠይቁና ኪኒኑ እስከዚያ የሚበቃው መሆኑን ቆጥራችሁ ስጡት።