42 ያወጣችው እህቴ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ቤት ዋልን። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታናሽ እህቴ ደብተሯን ይዛ መጥታ "ወንድምዓለም፣ ይቺ ነገር እምቢ አለችኝ" አለች። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 7ኤክስ ሲደመር 12፣ እኩል ይሆናል 0። ሲባዙ 12፣ ሲደመሩ ደግሞ ኔጌቲቭ 7 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ አልኳት። 3 እና 4 ብላ ቸኮለች። ሲደመሩ እኮ ፖዘቲቭ 7 ነው የሚመጣው! በሷ ቁጥሮች "ኤክስ ሲደመር 3" ሲባዛ በ"ኤክስ ሲደመር 4" እኩል ይሆናል 0 ብላ ስለጻፈች፣ ኤክስ ኔጌቲቭ 3 ወይም ኔጌቲቭ 4 ወጣላት። ኔጌቲቭ 3ን በኤክስ ቦታ ተክተን ስናየው 0 መሆን ሲገባው 42 ወጣ፣ ሳቅን። ቁጥሮቹን ኔጌቲቭ 3 እና ኔጌቲቭ 4 ስናደርጋቸው ኤክስ 3 ወይም 4 ሆነ፣ ሁለቱም ሲተኩ ልክ 0። (እኔ በሷ ዕድሜ ተክቼ አይቼ አላውቅም፣ መልሱን አክብቤ ወደ ኳስ ነበር የምሮጠው።) እናቴ ቡናውን አቅርባ "ቁጥሩን ተዉትና ቆሎውን ብሉ" አለችን።